ቱርቦቻርጀርና የደጋው አየር

በሺሺንዳና በቦንጋ መካከል ያሉትን ዳገቶች ቡና ጭኖ የሚወጣ መኪና አንድ ኪሎግራም ናፍጣ በሚገባ ለማቃጠል 14 ኪሎግራም ተኩል ያህል አየር ይሻል። በ2000 ሜትር ከፍታ ላይ ግን የአየር እፍጋት ከባሕር ወለል በ18 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ አየርን በራሱ የሚስብ ሞተር ጉልበትም በዚያው መጠን ይቀንሳል።

መፍትሔው አየሩን አምቆ ለሞተሩ ማቅረብ ነው። ሱፐርቻርጀር ለዚህ ሥራ የሚሆነውን ኃይል በቺንጋ ከሞተሩ ይወስዳል። ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ቡኺ በ1905 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ቱርቦቻርጀር ግን በከንቱ በሚባክነው የጭስ ኃይል ይሽከረከራል።

የፈጣን ጀልባ ሠሪዎች ሱፐርቻርጀርን የወደዱት ለነዳጅ መርገጫው ፈጥኖ ስለሚታዘዝ ነበር። ሆኖም መርኩሪ ሬሲንግ በ2010 እ.ኤ.አ. ባለ 1350 የፈረስ ጉልበት ሞተሩን ያቀረበው በሁለት ቱርቦዎች ነው።

ለእኛ ጉዳዩ ከእሽቅድምድም ያልፋል። በቺንጋ የታሰረ ሱፐርቻርጀር የሳሳውንም አየር የሚያምቀው በዚያው በተወሰነ እጥፍ ነው፤ በሚገባ የተነደፈ ቱርቦ ግን ከፍታው ሲጨምር ይበልጥ ፈጥኖ በመዞር ጉድለቱን በአብዛኛው ይሞላል። ስለዚህ ለደጋ አገር ተመራጩ ቱርቦ ነው እላለሁ።

ይሁን እንጂ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊዞር የሚችለው ዘንጉ ንጹሕ ዘይት ካላገኘ አይበረክትም። ዳገት ጨርሶ ሞተሩን ወዲያው የሚያጠፋ ሹፌር የጋለውን ዘንግ ዘይት ይነፍገዋል። መሣሪያውን ስናስገባ ዕውቀቱንም ለሹፌሩና ለመካኒኩ እናድርስ፤ አለዚያ ያተረፍነውን ጉልበት በጥገና ወጪ መልሰን እንከፍላለን።