ገንዳው ሳይቆፈር ድምፃችንን እናሰማ



ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ ስለ ምግብና ስለ መድኃኒት ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ ስለ ሕዝብ መዋኛ ገንዳ ላወያያችሁ ነው። «ገንዳ ከጤና ዓምድ ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ ካላችሁ እስከ መጨረሻው በሰብር ተከታተሉኝ።

የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ለመውሰድ በየወሩ ወደምሠራበት ፋርማሲ የሚመጡ አንዲት እናት አሉ። ሐኪማቸው ክብደት እንዲቀንሱ ነግሯቸዋል፤ ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ግን ብዙ መራመድ አይችሉም። እኔም «እማማ፣ ውኃ ውስጥ መንቀሳቀስ ጉልበት አይጎዳም፤ ለምን አይሞክሩትም?» አልኳቸው። በሚቀጥለው ወር ሲመጡ «ልጄ፣ ሄጄ ነበር። ግድግዳው ሁሉ መስታወት ነው፤ መንገደኛው ሁሉ ያየኛል። በሩ ላይ ቆሜ ተመለስኩ» አሉኝ። ያ ሕንጻ ከመሠራቱ በፊት ነዋሪው ሐሳቡን እንዲሰጥ ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። ከእኛ ጀመዓ ማን ሄደ? እውነቱን ልናገርና፣ ወረቀቱ እኔም ቤት ደርሶ ነበር፤ አልሄድኩም።

ይህን የማነሳው ያለፈውን ለመውቀስ አይደለም። በሲያትልና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች የምንኖር ቤተሰቦች ይህ ዕድል ዳግም ስለሚመጣልን ነው። በዚህ አካባቢ ካሉት የሕዝብ ገንዳዎች ብዙዎቹ የኪንግ ካውንቲ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1968 «ፎርዋርድ ትረስት» በተባለው ዕቅድ ላይ ድምፅ ሰጥቶ ካጸደቀው ገንዘብ የተሠሩ ናቸው። በግሪን ሌክ ያለው ኢቫንስ ገንዳ ደግሞ ከእነርሱም ይቀድማል፤ የተሠራው በ1955 ነው። እነዚህ ሕንጻዎች አርጅተዋል። የሬይኒየር ቢች ገንዳ ፈርሶ በምትኩ አዲሱ በ2013 ተከፍቷል። በተክዊላ ደግሞ ነዋሪዎች በ2011 ድምፅ ሰጥተው ገንዳቸውን የሚያስተዳድር ራሱን የቻለ አካል አቋቁመዋል። ከዚህ የምንረዳው የገንዳ ጉዳይ የሚወሰነው በነዋሪው ድምፅና በነዋሪው ስብሰባ መሆኑን ነው። ያልተገኘ ሰው ደግሞ ሐሳቡ አይጻፍለትም።

ነገሩ የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልደከምኩ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2021 ብቻ በዓለም ዙሪያ 300 ሺህ ያህል ሰዎች በውኃ ሰጥመው ሞተዋል። በአሜሪካ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕጻናትን በመግደል ቀዳሚው መስጠም ነው። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) እንደሚለው ደግሞ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉ ጥቁር ልጆች በመዋኛ ገንዳ ሰጥመው የሚሞቱበት መጠን ከነጭ እኩዮቻቸው 7.6 እጥፍ ይበልጣል። ልጆቻችን የሚኖሩት በሐይቅና በባሕር በተከበበ ከተማ ነው። በጋ ሲገባ ጓደኞቻቸውን ተከትለው ወደ ሌክ ዋሽንግተን መሄዳቸው አይቀርም። ውኃው ደግሞ ላይ ላዩን ሞቆ ከሥሩ ቀዝቃዛ ነው። «አትሂድ» ማለት ብቻውን አያድንም፤ የሚያድነው መዋኘት ማወቅና የአዋቂ ጥበቃ ነው።

በዲናችንም ቢሆን ዋና እንደ ዛዛታ አይታይም። አን-ነሳኢ በዘገቡት ሐዲስ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከከንቱ ጨዋታ ለይተው ከቆጠሯቸው አራት ነገሮች አንዱ ዋና መማር ነው። ሴት ልጅም ትሰጥማለች፤ በመሆኑም ይህ ለወንዶች ልጆቻችን ብቻ የሚተው አይደለም። ሐያእዋን ጠብቃ የምትማርበት ቦታ ማዘጋጀት ግን የእኛ ኃላፊነት ነው።

እንግዲህ ስብሰባው ሲጠራ ምን እንጠይቅ? «ለሴቶች ብቻ የሚሆን ሰዓት ይመደብልን» የሚለው የተለመደ ነው፤ በሲያትልም በተክዊላም እንዲህ ያለ ሰዓት ተሰጥቶ ያውቃል። ነገር ግን ሰዓት በማንኛውም ጊዜ ሊለወጥ ይችላል፤ ግድግዳ ግን አንዴ ከቆመ ሃምሳ ዓመት ይቆያል። ስለዚህ አስቀድመን ስለ ሕንጻው እንናገር።

አንደኛ፣ መስኮቶቹና የተመልካች መቀመጫው በመጋረጃ የሚሸፈኑ ይሁኑ። ሁለት ገንዳ የሚሠራ ከሆነ በመካከላቸው ግድግዳ ይኑር። ያኔ ሴቶች በአንዱ ሲዋኙ ሌላው ለሁሉም ክፍት ይሆናል፤ በእኛ ምክንያት የሚባረር ሰው አይኖርም።

ሁለተኛ፣ ልብስ መቀየሪያውና ሻወሩ በር ያለው፣ ለየብቻ የተከለለ ይሁን። ይህ አውራን ለመሸፈን ብቻ ሳይሆን ለንጽሕናም ይጠቅማል። ብዙዎቻችን ኃይለኛ የክሎሪን ሽታ የንጽሕና ምልክት ይመስለናል። እውነቱ ግን የሚሸተው ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠረው ክሎራሚን ነው። ዓይን ያቃጥላል፤ አስም ያለበትንም ያስላል። መፍትሔው ሰው ሁሉ ታጥቦ እንዲገባ በቂ ሻወር ማዘጋጀትና ጥሩ የአየር ማናፈሻ መግጠም ነው።

ሦስተኛ፣ ሞቅ ያለ ውኃ ያለው፣ ጥልቀት የሌለው ገንዳ እንጠይቅ። የውድድር ገንዳ ከ77 እስከ 82 ዲግሪ ፋራናይት ነው። መገጣጠሚያ ለሚያማቸው የሚመከረው ግን ከ83 እስከ 88 ነው። ደረጃ መውረድ ለማይችሉም እየተራመዱ የሚገቡበት ተዳፋት መግቢያ ያስፈልጋል። እነዚያ እናት የሚፈልጉት ይህንኑ ነው።

አራተኛ፣ የሴቶች ሰዓት ሴት የነፍስ አድን ሠራተኛ (ላይፍጋርድ) ይፈልጋል። የአሜሪካ ቀይ መስቀል ከ15 ዓመት ጀምሮ ያሉትን በዚህ ሙያ ያሠለጥናል። ሴቶች ልጆቻችን እንዲሠለጥኑ ከተማውን እንጠይቅ፤ እኛም ልጆቻችንን እንላክ። ጥያቄ ብቻ ይዞ ሳይሆን ሠራተኛም ይዞ የሚመጣ ሕዝብ ይደመጣል።

አንዳንድ ወገኖች «የሕዝብ ገንዳ የሁሉ ነው፤ ለምን ይከፋፈላል?» ይላሉ። ቅሬታቸውን መናቅ አይገባም፤ የጠቀስኩት ግድግዳም መልሱ ነው። ደግሞም የሴቶችን ሰዓት የሚፈልጉት ሙስሊም ሴቶች ብቻ አይደሉም። የጡት ቀዶ ጥገና ያደረገች ሴት፣ አሮጊቶችና ክብደታቸው የሚያሳፍራቸው እህቶችም ይፈልጉታል። ከእነርሱ ጋር አብረን ብንጠይቅ ጥያቄው የአንድ ሃይማኖት ጥያቄ ብቻ መሆኑ ይቀራል። ከመካከላችን ደግሞ «የራሳችንን ብንሠራ ይሻላል» የሚሉ አሉ። መልካም ምኞት ነው፤ ነገር ግን ገንዳ ለመሥራትም ሆነ ለማስተዳደር የሚጠይቀው ገንዘብ ከፍተኛ ነው። ለሕዝቡ ገንዳ ደግሞ ግብር እየከፈልን ነው። በከፈልንበት ቤት እንግዳ መሆን ለምን ያስፈልገናል?

ወደ ውኃ ለምትገቡ አጭር ምክር ልጨምር። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊፒዛይድ ያለ የስኳር ክኒን የምትወስዱ፣ ከመግባታችሁ በፊት ስኳራችሁን ተለኩ፤ ተምር ወይም ጭማቂም በቅርባችሁ አስቀምጡ። እግራችሁ ላይ ቁስል ካለ እስኪድን ጠብቁ። አስም ያለበት ልጅ መንፊያውን ይዞ ይሂድ። ተቅማጥ የያዘውን ልጅ ገንዳ አታስገቡ፤ ክሎሪን ቶሎ የማይገድላቸው ተሕዋስያን አሉና።

ሙእሚኖች ጉዳያቸውን በመመካከር እንደሚፈጽሙ በሱረቱ አሽ-ሹራ ተወስቷል። ከጁሙዓ በኋላ አሥር ደቂቃ ወስዳችሁ ተመካከሩ። የመስጂዱ ኮሚቴ የከተማውን የስብሰባ ማስታወቂያ የሚከታተል አንድ ወንድምና አንዲት እህት ይመድብ። እንግሊዝኛ የማይችሉ እናቶች አስተርጓሚ እንዲቀርብላቸው አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ችግሩን እነርሱ ራሳቸው ቢናገሩት ከእኛ ንግግር ይበልጣል። ያቺን የመስታወት ግድግዳ ዛሬ ማፍረስ አንችልም። የሚቀጥለው ገንዳ ግን ገና ወረቀት ላይ ነው፤ ወረቀት ደግሞ ይታረማል።

አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።