የአዲስ ዓመት ዕቅድና የሮብ ገበያ ረቡዕ

እንደሚታወቀው መስከረም በጠባ ቁጥር ብዙዎቻችን ወረቀትና ብዕር እናነሣለን። ተማሪው ‹ዘንድሮ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ አጠናለሁ› ይላል፤ መምህሩ የተንጠለጠለ የምርምር ጽሑፉን ለመጨረስ፣ ሠራተኛው ትምህርቱን ለማሻሻል ይወስናል። ከዝርዝሩ ግርጌም ‹ቤተሰቤን እጠይቃለሁ፤ ጤናዬን እጠብቃለሁ› የሚል መስመር አይጠፋም። አደይ አበባው ሲረግፍ ግን ዝርዝሩም አብሮት ይረግፋል። አረጋገፉም ቅደም ተከተል አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚወድቀው ያ የግርጌው መስመር ነው። ይህ ለምን እንደሚሆንና ምን ቢደረግ እንደሚሻል በዚህ አጭር ጽሑፍ አስተያየቴን አቀርባለሁ።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ጆን ኖርክሮስ ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ባሳተመው ጥናት የአዲስ ዓመት ውሳኔ ያደረጉ 200 ሰዎችን ለሁለት ዓመት ተከታትሎ ነበር። ከአንድ ሳምንት በኋላ 77 በመቶ የሚሆኑት በውሳኔያቸው ጸንተው ተገኙ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የጸኑት ግን 19 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከእነዚህ ቁጥሮች ብዙዎች የሚያነብቡት የሰውን ልጅ ስንፍና ነው። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር አነብባለሁ፦ አብዛኛው ሰው አንድ ሳምንት መጽናት ይችላል።

የሥራንና የግል ሕይወትን ‹ሚዛን› ስናነሣ በዓይነ ሕሊናችን የሚመጣው በገበያ የምናውቀው ባለ ሁለት ሰሐን ሚዛን ነው። በአንዱ ሰሐን ሥራን፣ በሌላው ሕይወትን አስቀምጠን እኩል ሲሆኑ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለናል። በእኔ እምነት ግን የተሻለው ምሳሌ ሌላ ነው። እረኛ ልጅ ዱላውን በመዳፉ ላይ ቀጥ አድርጎ ሲያቆም ያላየ የለም። ዱላው ቆሟል፤ እጁ ግን አንድ አፍታ እንኳ አያርፍም። ዱላው ወደ ግራ ሲያዘነብል እጁ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ወደ ቀኝ ይከተለዋል። ዓይኑን ቢጨፍን ወዲያው ይወድቃል። በፊዚክስ ይህ ያልተረጋጋ ሚዛን ይባላል። የሚጸናው አንድ ጊዜ በትክክል ስለተቀመጠ ሳይሆን ያለማቋረጥ በጥቂት በጥቂቱ ስለሚታረም ነው። እርማቱ ከዘነበለበት ፍጥነት ከዘገየ ምንም ብርታት አያድነውም።

ይህ ምሳሌ አንድ ተጨማሪ ትምህርት ይዟል። ረጅም ዱላን በመዳፍ ማቆም አጭር እስክሪብቶን በጣት ከማቆም ይቀላል። ምክንያቱም ረጅሙ የሚወድቀው በዝግታ ነው፤ ርዝመቱ አራት እጥፍ ሲሆን የመውደቂያው ጊዜ ሁለት እጥፍ ይሆናል። የሥራና የትምህርት ጉዳዮቻችን እንደ እስክሪብቶው ናቸው። ፈተናው ቀን አለው፤ ሪፖርቱ የመጨረሻ ሰዓት አለው፤ ትንሽ ቸል ሲሉት ወዲያው ይወድቃል፣ ሰውም ያያል። ጤና፣ ወዳጅነት፣ ትዳር፣ የወላጅ ፍቅር ግን እንደ ረጅሙ ዱላ ናቸው። የሚወድቁት ቀስ ብለው ስለሆነ የማይወድቁ ይመስሉናል። ዓይናችን ሁልጊዜ እስክሪብቶው ላይ ነውና ዱላው ማዘንበሉን የምናውቀው ሊመለስ ከማይችልበት ሲደርስ ነው።

ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ለሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት በውጭ አገር በቆየሁባቸው አራት ዓመታት እናቴ ትኖር የነበረው ከደብረ ማርቆስ በስተሰሜን፣ ወደ ጮቄ ተራራ በሚወስደው ደጋ፣ በሮብ ገበያ አቅራቢያ ባለች መንደር ነበር። መንደሯ ያን ጊዜ የስልክ ኔትወርክ አልነበራትም። እናቴ ረቡዕ ረቡዕ ለገበያ ስትወጣ ሞባይል ካለው ዘመዳችን ዘንድ ጥቂት አረፍ ትል ነበር። እኔም በየመስከረሙ በዕቅዴ ግርጌ ‹ለእናቴ አዘውትሬ እደውላለሁ› ብዬ እጽፋለሁ። ‹አዘውትሬ› የሚለው ቃል ግን ቀንም ሰዓትም የለውም። ቤተ ሙከራው ፋታ ሲሰጠኝ፣ አንዳንዴ ቅዳሜ፣ አንዳንዴ ሰኞ እደውላለሁ፤ እሷ የለችም። በአራት ዓመት ውስጥ ከ200 በላይ ረቡዕ አለ፤ የደወልኩበትን ግን በጣቶቼ ቆጥሬ እጨርሰዋለሁ። ተመልሼ ስንገናኝ ስለ ዲግሪው ደስታዋን ከገለጸችልኝ በኋላ፣ ‹የኔ ልጅ፣ እኔማ ሮብ ሮብ ከዚያው አልጠፋም ነበር› አለችኝ። በቁጣ አልተናገረችውም፤ እስከ ዛሬ የማይረሳኝም ስለዚህ ነው።

እንግዲህ መፍትሔው ዕቅድን መተው አይደለም፤ የእርማቱን ጊዜ ማሳጠር ነው። መሬት በፀሐይ ዙሪያ በሴኮንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዝ መስከረም 1 ቀን የምታልፈው ልዩ ምልክት በመንገዷ ላይ የለም። ምልክቱን ያኖርነው እኛ ነን። ያኖርነውም ምልክት ቢሆን የሚጸናው በእርማት ነው። በየ4 ዓመቱ፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ፣ ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው ከ365 ቀን በላይ የምትተርፈውን ሩብ ቀን ለማካካስ ነው። ይህች እርማት ባትኖር ኖሮ በ120 ዓመት 30 ቀን ይጓደል ነበር፤ እንቁጣጣሽም ከአደይ አበባ ተለይታ በነሐሴ ዝናብ መካከል በዋለች ነበር።

ገበሬውም ይህን ያውቃል። ጤፍ የሚዘራ ሰው መሬቱን አንድ ጊዜ አርሶ አይተወውም፤ ደጋግሞ ያርሰዋል፣ ከዘራም በኋላ ያርመዋል። ቋንቋችን አረምን መንቀልንም ስሕተትን ማቃናትንም ‹ማረም› በሚል አንድ ቃል መጥራቱ ለእኔ ትልቅ ጥበብ ነው። ሮብ ገበያ ስሟን ያገኘችው ከዓመት ሳይሆን ከሳምንት አንድ ቀን ነው። ገበያተኛው ምን እንደሸጠ፣ ምን እንደጎደለው፣ ለሚቀጥለው ረቡዕ ምን ይዞ እንደሚወጣ በየሳምንቱ ያሰላል። እኛስ ለሕይወታችን ይህን ያህል ለምን አናደርግም?

ስለዚህ ለተማሪዎቻችን የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ከትምህርት ወይም ከሥራ ሁለት፣ ከግል ሕይወት ሁለት ግቦችን ብቻ ምረጡ። ለእያንዳንዱ ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ስጡት። ጀርመናዊው ተመራማሪ ፒተር ጎልቪትሰር እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳመለከተው መቼ፣ የትና እንዴት እንደሚፈጸም የተወሰነ ሐሳብ ከባዶ ምኞት ይልቅ የመፈጸም ዕድሉ ሰፊ ነው። ከዚያም በየሳምንቱ በመረጣችሁት ቀን ግማሽ ሰዓት ተቀምጣችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ የትኛው ዱላ አዘንብሏል? መልሱን ለሚቀጥለው ሳምንት በአንድ ትንሽ እርምጃ አርሙት።

ይህ በተለይ የመመረቂያ ጽሑፍ ለምትሠሩ ያስፈልጋችኋል። ሮጀር ቢውለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጥናት ተማሪዎች ጽሑፋቸውን በአማካይ በ33.9 ቀን እንደሚጨርሱ ገምተው የጨረሱት በ55.5 ቀን ነበር። ያ ትርፍ ጊዜ ከሰማይ አይወርድም፤ ከእንቅልፍ፣ ከጓደኛና ከቤተሰብ ይቀነሳል።

‹አሁን ልማር፤ ሕይወት ከምረቃ በኋላ ይደርሳል› የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። እኔም እንዲሁ እል ነበር። ደመወዙ ከወር ወር ስለማያደርሰው ማታ ማታ ተጨማሪ ሥራ የሚሠራ ሰው መኖሩንም አልዘነጋም፤ የእሱ መዛባት በዕቅድ ወረቀት ብቻ የሚቃና አይደለም። መሥሪያ ቤቶቻችንም ‹ቢኤስሲ› በሚባለው፣ ካፕላንና ኖርተን እ.ኤ.አ. በ1992 ባስተዋወቁት ሚዛናዊ የምዘና ሥርዓት ፋይናንስን፣ ደንበኛን፣ የውስጥ አሠራርን፣ መማርንና ዕድገትን ይመዝናሉ፤ የሠራተኛው ቤት ግን በዚያ ሠንጠረዥ ዓምድ የለውም። ያንን ዓምድ የሚያሰምርልን ሌላ ስለሌለ ራሳችን ማስመር አለብን።

እናቴ ዛሬ የራሷ ሞባይል አላት፤ መንደሯም ኔትወርክ ደርሶታል። በማንኛውም ቀን ልደውልላት እችላለሁ። የምደውለው ግን ረቡዕ ነው። መልካም አዲስ ዓመት!