የባሕር ዛፍ ክስና የውኃው ሒሳብ

አገሩ አውስትራልያ የሆነው ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ገብቶ፣ ማገዶ አልቆባት መናገሻነቷ ያሠጋ የነበረችውን አዲስ አበባን በቦታዋ ካጸናት ወዲህ፣ በአንዱ ወገን ባለውለታ፣ በሌላው ወገን ምንጭ አድራቂ ሲባል ኖሯል። ከሳሹም ጠበቃውም እውነት ሳይጎድላቸው የማይስማሙት፣ ሁለት ልዩ ልዩ ሒሳቦችን እንደ አንድ ስለሚቈጥሩ ይመስለኛል።

ዕፅዋት ሁሉ ምግባቸውን የሚሠሩበትን የካርቦን አየር ለመቀበል የቅጠላቸውን ደቃቅ ቀዳዳዎች በከፈቱ ጊዜ፣ በውስጣቸው ያለው ውኃ ተን ሆኖ ይወጣባቸዋልና፣ ያለ ውኃ ኪሣራ እድገት የለም፤ የኪሣራውም መጠን እንደ ተክሉ ባሕርይና እንደ አየሩ ጠባይ ይለያያል። ጤፍ፣ ማሽላና በቆሎ ካርቦኑን በቅጠላቸው ውስጥ አስቀድሞ የማከማቸት ብልሃት ስለ ተሰጣቸው፣ በሞቃት አገር ከስንዴና ከገብስ ይልቅ በጥቂት ውኃ ብዙ አካል ያበጃሉ። ያው አንዱ ተክል እንኳ ጉም በሚያርፍበት ደጋና ሐሩር በሚበረታበት ቆላ አንድ አይደለም፤ ደረቅ አየር ተኑን አብዝቶ ስለሚስብ፣ ለአንድ ሸክም እንጨት የሚከፈለው ውኃ በቆላ ይበዛል።

በዚህ ሚዛን ባሕር ዛፍ አባካኝ አይደለም፤ በጠጣው ልክ ቶሎ እንጨት ይሰጣልና። ምንጩ ግን የሚያውቀው የተወሰደበትን ውኃ ጠቅላላ ድምር ብቻ ስለ ሆነ፣ ሥሩን አጥልቆ፣ በጋ ከክረምት ቅጠሉን ሳያራግፍ የሚጠጣ ዛፍ፣ ቈጣቢ ሆኖ ሳለ ቀበሌውን ሊያስጠማ ይችላል። ከምንጭ ራስና ከወንዝ ዳር ይራቅ የምለውም ስለዚህ ነው።

ማንም የማይከስሰው የተራቈተው መሬት ነው። ከእንጦጦ ተረተር የደረቀ ቅጠል ጠርገው፣ ለምጣድ ማንደጃ በጀርባቸው አዝለው የሚወርዱትን ሴቶች (ችግር ያስገደደውን መውቀስ ነውር ነው) ያየ ሰው፣ ከዛፉ ሥር ባዶ አፈር መቅረቱን ይመለከታል፤ በዚያ ላይ ከወረደው ዝናም ከፊሉ በጎርፍ ይሄዳል፣ ከፊሉም አንዲት ለጋ ቅጠል ሳያለመልም በፀሐይ ይተናል። በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ዐጸድ፣ ከጥዱና ከወይራው ሥር ግን፣ ብስባሹ አፈሩን ስለ ሸፈነው ውኃው ለመስረግ ጊዜ ያገኛል።

እንግዲህ በየክረምቱ የችግኝ ቍጥር ሲነገር፣ ከምንጩ ምን ያህል ርቆ፣ በደጋ ወይስ በቆላ ተተከለ ተብሎ ቢጠየቅ የሚከብድ አይደለም። ቅጠሉ ከመሬቱ አይነሣ የሚል ሹም ግን አስቀድሞ ለምጣዱ ሌላ ማገዶ ማሰናዳት ይኖርበታል።