የዱባ አበባ ያለ ፍሬ ስለ መርገፉ

የጓሮ አትክልት ለቤት እመቤት ሁለተኛ ጎተራ ነው። በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ ክረምት ሲገባ ሰሊጡና ማሽላው በሰፊው እርሻ ይዘራል፤ ዱባው ደግሞ በየጓሮው አጥር ሥር ይተከላል። ዱባ በጾም ወራት የብዙ ቤት ወጥ ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህም በሱዳን ጦርነት ተነሥቶ ብዙ ስደተኛ በመተማ በኩል ስለ ገባ፥ ከጓሮ የሚገኝ ምግብ ዋጋው እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም።

ይሁን እንጂ ሐረጉ ለምልሞ አበባውም ደምቆ ከታየ በኋላ፥ ለጋው ፍሬ ሳያድግ ቢጫ ሆኖ ሲረግፍ ብዙ ጊዜ ይታያል። ይህን ጊዜ አንዱ ውሃ አነሰው ይላል፤ ሌላው የሰው ዓይን አገኘው ይላል፤ ሦስተኛውም ዘሩ ከፍቷል ብሎ ይነቅለዋል። ምክንያቱ ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው።

ዱባም ሆነ በከተማ ዝኩኒ የሚባለው ወገኑ በአንድ ሐረግ ላይ ሁለት ዓይነት አበባ ያወጣል። ወንዴው በቀጭን ዘንግ ላይ ይቆማል፤ ሴቴዪቱ ግን ከአበባዋ ሥር ከመጀመሪያው ትንሽ ዱባ ይዛ ትወጣለች። አስቀድሞ የሚያብበው አብዛኛውን ጊዜ ወንዴው ነውና የፊተኞቹ አበቦች ያለ ፍሬ ቢረግፉ የሚያሳስብ አይደለም። ሴቴዪቱ የምትከፈተው ለአንድ ጧት ብቻ ነው፤ ጎሕ ሲቀድ ተከፍታ ቀትር ሳይሆን ትዘጋለች። በዚያች ጥቂት ሰዓት የወንዴው ቢጫ ዱቄት ካልደረሳት ፍሬዋ ይረግፋል። ዱቄቱም ከባድና የሚጣበቅ ስለ ሆነ ነፋስ አያደርሰውም፤ የሚያደርሰው ንብ ነው። በቆላ ሙቀት ደግሞ አበባው ቶሎ ስለሚጠወልግ የንብ መዘግየት ጉዳቱ ይበረታል።

እንግዲህ ነገሩ ከጓሮው ወጥቶ ወደ ሰፊው እርሻ ይሄዳል። ንብ የሰሊጥንም አበባ ትቀስማለች። ሰሊጡ ባበበበት ወራት የተባይ መድኃኒት ጧት ሲረጭ፥ ንቢቱ ወይም እዚያው ትሞታለች፥ ወይም መርዙን ይዛ ወደ ቀፎዋ ትገባለች። ባለ እርሻው የሚያየው የተባዩን መሞት ነው፤ ባለ ቀፎው የሚያየው የቀፎውን ባዶነት ነው፤ ባለ ጓሮዪቱ የምታየው የዱባዋን መርገፍ ነው። ሦስቱም የሚያዩት የአንድ ጧት ሥራ ውጤት መሆኑን አያውቁም።

ሰሊጥ የውጭ ምንዛሪ የሚያስገባ ሀብት ነውና ተባይ ይብላው የሚል የለም። የሚፈለገው የመድኃኒቱ መቅረት ሳይሆን የሰዓቱ መለወጥ ነው፤ ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ ወደ ማታ ቢረጭ፥ አስቀድሞም ለጎረቤት ንብ አናቢ ቢነገር ጉዳቱ እጅግ ይቀንሳል። በ2002 ዓ.ም. የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 660 ወጥቷል፤ ነገር ግን ሕግ በቀበሌ ካልተነገረና ካልተጠበቀ ንብን ከሞት አያድናትም።

እስከዚያው ድረስ የሰው እጅ የንብን ሥራ ሊሠራ ይችላል። በማለዳ የወንዴውን አበባ ቀጥፎ፥ የአበባውን ቅጠል ገፍፎ፥ ዱቄት ያለበትን መካከሉን በሴቴዪቱ አበባ ውስጥ ቀስ አድርጎ መቀባት ነው። አንዱ ወንዴ ለሁለትና ለሦስት ሴቴ ይበቃል። ይህም እንግዳ ጥበብ አይደለም፤ ከድንበሩ ማዶ በሱዳን በዓባይ ዳር ያሉ ባለ ተምሮች የወንዴውን አበባ በእጃቸው ወስደው ለሴቴዪቱ ዛፍ ያደርሳሉ።

ነገር ግን በእጅ መቀባት ለአንድ ጓሮ እንጂ ለአገር አይበቃም። ስለዚህ የግብርና ሠራተኛውና የቀበሌው ሹም ሰሊጡ ከማበቡ በፊት የመርጫውን ሰዓት ለሕዝብ ሊያስታውቁ ይገባል። ካህናቱም ጧፉ ከንብ ሰም እንደሚሠራ ያውቃሉና፥ ከቅዳሴ በኋላ በሚሰበሰበው ምእመን ፊት ይህንኑ ቢያስረዱ ቃላቸው ከማንም ይልቅ ይሰማል። ለዚህ ሥራ አዲስ በጀት አያስፈልግም፤ መርጫውን ከጧት ወደ ማታ ማዞር ብቻ ይበቃል።