የአሠልጣኞቻችን የውጫሌ ውል

በ1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጹ በአማርኛ ‹‹ይቻላል›› ሲል በጣሊያንኛው ‹‹ግድ ነው›› ይል ነበር። ክለቦቻችንም ከአሠልጣኝ ጋር የሚፈራረሙት እንዲህ ያለውን ነው። ወረቀቱ ‹‹ቡድን ገንባ›› ይላል፤ ጨዋታ ሲጀመር ግን ‹‹እሁድ ካላሸነፍክ ውጣ›› ተብሎ ይነበባል።

ነፍሱን ይማረውና መንግሥቱ ወርቁ በ1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ ተጫዋች ነበር። በ1980 ዓ.ም. የሴካፋን ዋንጫ ስናነሳ ደግሞ አሠልጣኝ። ሁለቱም አዲስ አበባ ላይ፤ በመሃሉ ግን 26 ዓመት አለ! ጎበዝ ተጫዋች በአንድ ጀንበር አሠልጣኝ አይሆንማ። ታዲያ ጫማውን ሰቅሎ የመጣውን በሦስት ሽንፈት ማባረር ምን የሚሉት ነው? እኛም ደጋፊዎች ‹‹ይውረድ!›› ከማለታችን በፊት ውሉን በሁለቱም ቋንቋ እናንብበው።