እጢ ሁሉ ካንሰር አይደለም

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼም፣ እስቲ ስለ አንድ ቃል እናውራ። በአማርኛ ላብ የሚያመነጨውን ጤነኛ አካልም፣ በሽታ ሆኖ የሚያድገውን እብጠትም «እጢ» ነው የምንለው። ታዲያ ሐኪም «የላብ እጢ ነው» ሲል ታማሚው «ካንሰር» ብሎ ቢሰማ ይገርማል?

ዓይን አካባቢ የምትወጣ፣ ውሃ የቋጠረች የምትመስል ትንሽ እብጠት አለች፤ ሃይድሮሲስቶማ ትባላለች። ካንሰር አይደለችም፣ ከሰው ወደ ሰውም አትተላለፍም። አንደኛዋ ዓይነት ሙቀት ሲበዛ ታብጣለች፣ ሲቀዘቅዝ ትቀንሳለች። እ.ኤ.አ. በ1893 ሮቢንሰን የተባለ ሐኪም ስለ እሷ የጻፈው ሙቀትና እንፋሎት ውስጥ የሚሠሩ ሴቶች ላይ አይቶ ነው። እኛ ሀዋሳ ደግሞ ምጣድ ፊት፣ አሞራ ገደል ዓሣ መጥበሻ ላይ የሚውሉ እህቶች አሉን።

በመርፌ አትውጓት፤ ተመልሳ ትሞላለች፣ ለዓይንም አደገኛ ነው። ንቃችሁም አትተዉአት፤ የቆዳ ካንሰር አንዳንዴ እሷን ይመስላል። በተለይ ከደማች፣ ከቆሰለች ወይ ቶሎ ካደገች የቆዳ ሐኪም ይያት።

ሐኪም የሆናችሁ ተማሪዎቼ፣ አደራ! «እጢ ነው» ብላችሁ አትሸኙ። ካንሰር አለመሆኑን ካረጋገጣችሁ እሱንም አፍ አውጥታችሁ ንገሩ። ሰው ተረጋግቶ እንቅልፉን ይተኛ።