የልጁን መጫወቻ አንጣልበት

አዲስ አበባ፣ ኦሎምፒያ ሠፈር አንድ ልጅ መኪና ሲሠራ አየሁ። አካሉ ሽቦ፣ ጎማው ቆርኪ ነው። ሲገፋው አነከሰ። ልጁ ቆርኪውን ነቅሎ ተመለከተ። ቀዳዳው ከመሃል ወጥቷል። ሌላ ቆርኪ ልክ መሃሉን በስቶ ገጠመ። መኪናው ቀጥ ብሎ ሄደ።

ይህ ጨዋታ ብቻ ነው? አይደለም፤ ትምህርት ነው።

በገጠርም እረኛው ከጭቃ በሬ፣ ከእንጨት ሞፈርና ቀንበር ይሠራል። እኛ ግን «ሥራ ፈት!» ብለን እንቆጣለን፤ የሠራውንም እንጥልበታለን።

በአፍሪካ፣ በማላዊ አገር፣ ዊሊያም ካምክዋምባ የሚባለውን የገበሬ ልጅም ሰዎች «አብዷል» ብለውት ነበር። በ1994 ዓ.ም. በአገሩ ረሃብ ገባ። የትምህርት ቤት ክፍያ ስላጣ ትምህርቱን አቋረጠ። ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ተዋሰ። የብስክሌት ስባሪና የአሮጌ ትራክተር ማራገቢያ ለቅሞ በነፋስ የሚዞር መዘውር ሠራ። የአባቱ ቤት በኤሌክትሪክ በራ።

እንግዲህ ወላጆች፣ ሽቦ፣ ጣሳና ቁራጭ ጨርቅ ለልጆቻችን እናስቀምጥ። የተባይ መድኃኒት የነበረበትን ጣሳና የጠርሙስ ስባሪ ግን አንስጣቸው፤ ይጎዳቸዋል። ሲቸገሩም መልሱን ቶሎ አንንገራቸው። «ለምን አነከሰ?» ብለን እንጠይቃቸው። ዛሬ የቆርኪ ጎማ ያቀና ልጅ ነገ የመንደሩ የውሃ ፓምፕ ሲበላሽ ፈትቶ ለማየት አይፈራም።